ላይት ከርተን ከማሽኑ ስንት ይራቅ? ለኮምቦልቻና ለደሴ ወርክሾፖች የንጽጽር መመሪያ

ላይት ከርተን፣ ማለትም እጅ ሲገባበት ማሽኑን የሚያቆም የጨረር መጋረጃ፣ ልግዛ ብሎ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። ቀጥሎ የየት አገር ሥሪት እንደሆነ። ከማሽኑ ምን ያህል ርቆ ይተከል የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ዕቃው ከተገዛ በኋላ፣ ቴክኒሻኑ ብሎንና መፍቻ ይዞ ማሽኑ ፊት ሲቆም ነው። ያኔ ደግሞ ቦታ የለም። ወይ ኦፕሬተሩ «ራቀብኝ፣ ሥራ አያሠራኝም» ይላልና ይጠጋለታል። መሣሪያው አረንጓዴ መብራቱን እያበራ ይቆማል፤ እጅ ግን አያድንም።

ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ከተማ ናት፤ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ስለ ማሽን ደኅንነት የሚያወራ ባለሙያ በርክቷል። እኔ የሚያሳስቡኝ ግን ትንንሾቹ ናቸው። ደሴ ላይ የብረት በርና መስኮት የሚሠራው፣ ወልዲያ ላይ ላሜራ የሚቆርጠው፣ ያገለገለ ፕሬስ (ብረት በኃይል የሚጫን ማሽን) ገዝቶ ሦስት አራት ልጆች ቀጥሮ የሚያሠራው። እዚያ ጣቱን ያጣ ልጅ ሙያውንም አብሮ ያጣል። ስለዚህ የማንንም ብራንድ ሳላሞግስ፣ በየትኛው አማራጭ ርቀቱ ስንት እንደሚሆን ከነስሌቱ ላሳያችሁ።

መሣሪያው የሚሠራውና የማይሠራው

ላይት ከርተን ሁለት ቋሚ ዘንጎች ናቸው። አንዱ በዓይን የማይታይ ጨረር ይልካል፣ ሌላው ይቀበላል። እጅ ጨረሩን ሲቆርጠው ማሽኑን «ቁም» ይለዋል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው። እጅ አይዝም፣ አይከልልም፣ የሚፈናጠር ብረትም አይመልስም።

ከደሴ ተነስቶ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ የጭነት መኪና ሾፌሩ ፍሬን ስለያዘ ብቻ እዚያው ቀጥ አይልም። ፕሬስም እንደዚያው ነው። «ቁም» ከተባለበት እስኪቆም ድረስ እጅ መንገዱን ይቀጥላል። ርቀቱ የሚያስፈልገው ለዚች ቅጽበት ነው።

ከመምረጣችሁ በፊት የምትመልሷቸው ጥያቄዎች

የመጀመሪያው ጥያቄ ማሽኑ መሀል መንገድ ላይ መቆም ይችላል ወይ የሚል ነው። ይህ ካልተመለሰ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። አሮጌ መካኒካል ፕሬሶች ብዙዎቹ ሙሉ ዙር ክላች አላቸው፤ አንዴ ፔዳሉ ከተረገጠ ወርዶ፣ መትቶ፣ ተመልሶ ላይ እስኪደርስ ምንም አያቆመውም። እንዲህ ያለ ፕሬስ ላይ ላይት ከርተን መግጠም ገንዘብ መጣል ብቻ አይደለም፤ ሠራተኛው ተማምኖ እጁን እንዲያስገባ መጋበዝ ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ሕግም ለዚህ ዓይነቱ ፕሬስ አይፈቅደውም። ለማወቅ ከባድ አይደለም፦ ፎርማውን (ዕቃውን ቅርጽ የሚያስይዘውን ክፍል) ባዶ አድርጋችሁ፣ ሰው ሁሉ ርቆ፣ ማሽኑን አስነሱና እየወረደ ሳለ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያውን ምቱ። ዙሩን ከጨረሰ ላይት ከርተኑን እርሱት፤ ወደ ቋሚ መከለያው ክፍል ዝለሉ። ፍሪክሽን ክላች ያላቸውና የሃይድሮሊክ ፕሬሶች ግን መሀል ላይ መቆም ስለሚችሉ ይሆናሉ።

ሁለተኛው የመቆሚያ ጊዜ ነው። ጨረሩ ከተቆረጠበት የሚወርደው ክፍል ሙሉ በሙሉ እስኪቆም ያለው ጠቅላላ ጊዜ ማለት ነው። ሦስት ነገሮች ይደመሩበታል፦ የላይት ከርተኑ ምላሽ፣ የሴፍቲ ሪሌዩ («ቁም» የሚለውን ተቀብሎ ማሽኑን የሚያስቆመው መሣሪያ) ምላሽ፣ የማሽኑ የራሱ መቆሚያ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ማኑዋላቸው ላይ ታገኟቸዋላችሁ። ሦስተኛው ማሽኑ ላይ ይለካል እንጂ ከካታሎግ አይገለበጥም፤ የፍሬን ሸራ ያልቃል፣ የሃይድሮሊክ ቫልቭ ይዘገያል። ልኬቱ የሚደረገው ከባዱ ፎርማ ተጭኖ፣ ማሽኑ ሞቆ፣ በጣም በሚፈጥንበት የመውረጃው ክፍል ላይ ነው። ደጋግማችሁ ለኩና ረጅሙን ያዙ። አማካዩን አይደለም፣ ረጅሙን።

ለዚህ የተሠራ መለኪያ መሣሪያ አለ፤ የሚሸጥላችሁ ድርጅት ይዞ እንዲመጣ ከውሉ በፊት ጠይቁ። ከግዢ በፊት ለግምት ያህል ብቻ፣ በሰከንድ 240 ምስል የሚያነሳ የስልክ ካሜራ ይረዳል። አንዱ ምስል 4 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነውና የማቆሚያው መብራት ከበራበት እስኪቆም ያለውን መቁጠር ትችላላችሁ። ብሎን የሚታሰርበትን ቦታ ግን በስልክ አትወስኑ።

የቀሩት ጥያቄዎች አጭር ናቸው። ኦፕሬተሩ በቀን ስንት ጊዜ እጁን ያስገባል? ማሽኑ ፊት ስንት ሜትር ባዶ ቦታ አለ? በላይት ከርተኑና በማሽኑ መካከል ሰው መቆም ይችላል? የሚሠራው ዕቃ ትንሽ ነው ወይስ ሰፊ ላሜራ?

ስሌቱ

አይኤስኦ 13855 የሚባለው ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ የሚጠቀምበት ቀመር ይህ ነው፦

ርቀት = (የእጅ ፍጥነት × ጠቅላላ የመቆሚያ ጊዜ) + ጭማሪ

የእጅ ፍጥነት በሰከንድ 2000 ሚሊ ሜትር ተብሎ ይጀመራል። ውጤቱ ከ500 ሚሊ ከበለጠ በ1600 ደግማችሁ ታሰላላችሁ፤ ሁለተኛው ውጤት ከ500 ቢያንስ ግን 500 ይያዛል። ማሽኑ የቱንም ያህል ፈጣን ማቆሚያ ቢኖረው ከ100 ሚሊ በታች አይወረድም። «የእኔ ኦፕሬተር ረጋ ያለ ነው» የሚል ሙግት እዚህ አይሠራም። ዕቃ ሲያመልጠው እጁን የሚወረውረው ያው ረጋ ያለው ሰው ነው።

ጭማሪው የሚመጣው ከጨረሩ ጥቅጥቅነት ነው። ባለ 14 ሚሊ፣ ማለትም 14 ሚሊ ውፍረት ያለውን ነገር የሚያይ ላይት ከርተን፣ ጣትን ስለሚያይ ጭማሪው ዜሮ ነው። ከዚያ በላይ እስከ 40 ሚሊ ድረስ በየሚሊው 8 ሚሊ ይጨመራል። ባለ 30 ሚሊ ከሆነ 30 ሲቀነስ 14፣ ሲባዛ 8፣ 128 ሚሊ ማለት ነው፤ ጨረሩ እጅን እስኪያይ ጣት ያን ያህል ሊገባ ይችላላ። ከ40 ሚሊ በላይ ከሆነ ክንድ ሙሉ ሊገባ ስለሚችል ጭማሪው በአንዴ 850 ይሆናል።

እዚህ ያለው በፈረንጆች የ2010 እትም ስሌት ነው፤ በፈረንጆች 2024 አዲስ እትም ወጥቷልና የሚገጥምላችሁ ባለሙያ በየትኛው እንዳሰላ ጠይቁት። የአሜሪካኖቹ ስሌት ደግሞ ጭማሪውን በሌላ መንገድ ያወጣል፤ ግማሹን ከዚህ ግማሹን ከዚያ አትውሰዱ።

ሁለት ምሳሌ ማሽን እንያዝ። አንዱ ደህና የተያዘ የሃይድሮሊክ ፕሬስ ነው፦ ማሽኑ 160፣ ላይት ከርተኑ 20፣ ሪሌዩ 20፣ ድምር 200 ሚሊ ሰከንድ ወይም 0.2 ሰከንድ። ሌላው ፍሬኑ የሰነፈ ፍሪክሽን ፕሬስ ነው፦ ድምሩ 0.4 ሰከንድ።

አማራጮቹን አንድ በአንድ

*ባለ 14 ሚሊ (ጣት የሚያይ)።* በ0.2 ሰከንድ ማሽን ርቀቱ 400 ሚሊ ነው። በ0.4 ሰከንዱ ላይ 640። ትንንሽ ዕቃ በእጅ ለሚቀልብ፣ ቀኑን ሙሉ እጁ ለሚገባና ለሚወጣ ኦፕሬተር ከሁሉ የሚመቸው ይኸ ነው። ጨረሩ ስለሚበዛ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ቁመቱ ሲረዝም ደግሞ ምላሹ ትንሽ ይዘገያል፣ ይህንንም ማኑዋሉ ላይ እዩ።

*ባለ 30 ሚሊ (እጅ የሚያይ)።* በ0.2 ሰከንዱ ስሌቱ እንዲህ ይሄዳል፦ 400 ሲደመር 128፣ 528። ከ500 በለጠ፣ ስለዚህ በ1600 ይደገማል፦ 320 ሲደመር 128፣ 448። ከ500 አነሰ፣ ስለዚህ 500 ይያዛል። በ0.4 ሰከንዱ 768 ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉና ሁለቱን አስተያዩ። በጥሩው ማሽን ላይ ባለ 14 እና ባለ 30 የሚለያዩት በ100 ሚሊ ነው፤ አንድ መዳፍ አግድም ቢለካ ያህል። ማሽኑ ግን ከ0.4 ወደ 0.2 ቢወርድ ባለ 30ውን 268 ሚሊ ያስጠጋዋል። በፍሬኑ ላይ የምታተርፉት እያንዳንዱ 10 ሚሊ ሰከንድ ከ16 እስከ 20 ሚሊ ርቀት ነው። ስለዚህ «ራቀብኝ» ለሚል ኦፕሬተር የመጀመሪያው መልስ ውድ ላይት ከርተን አይደለም። ፍሬን ሸራ መቀየር፣ ቫልቭ ማጽዳት ወይም መቀየር ነው። ብዙ ሰው ብሩን የሚያፈሰው ተገልብጦ ነው፣ ይህ ነገር በጣም ያሳዝነኛል።

*ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት ጨረር (ሰውነት የሚያይ)።* ሦስት ጨረር ከሆነ ከወለሉ በ300፣ በ700 እና በ1100 ሚሊ ይተከላል። ርቀቱ 1170 እና 1490 ሚሊ ይመጣል። ፕሬስ ፊት እጅ ለሚያስገባ ሰው አይሆንም። ለሮቦት ክፍል፣ ለጥቅል ላሜራ መፍቻ መስመር፣ ሰው በስንት ጊዜ አንዴ ለሚገባበት ቦታ ግን ርካሽና ጥሩ ነው። አጥር ጋር ይሄዳል።

*አግድም የተኛ።* ወለል ላይ ቆሞ ወደ ማሽኑ የሚጠጋን ሰው ያያል። ጭማሪው ከ1200 ላይ የቁመቱ 0.4 እጥፍ ተቀንሶ ነው፤ ከ850 ግን አይወርድም። በ300 ሚሊ ከፍታ ቢተኛ 1080 ይሆናል፣ ርቀቱም 1400 እና 1720 ሚሊ። ሰፊ ቦታ ይበላል። ብቻውን ከመግዛት ይልቅ ቀጥ ብሎ ከሚቆመው ላይት ከርተን ጋር ሲጣመር ነው የሚጠቅመው፤ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

*የሁለት እጅ ቁልፍ።* ላይት ከርተን አይደለም፣ ግን ከእሱ ጋር ይወዳደራል። ሁለቱም እጅ በአንድ ጊዜ ቁልፍ ካልተጫነ ማሽኑ አይወርድም፤ አንዱ ሲለቀቅ ይቆማል። ስሌቱ 1600 ሲባዛ በጊዜው፣ ሲደመር 250 ነው፦ 570 እና 890 ሚሊ። ለቆዳ መቁረጫ ፕሬስ የተለመደ ነው። ጉድለቱ ግልጽ ነው፦ የሚጠብቀው ቁልፉን የያዘውን ሰው ብቻ ነው። አጠገቡ ቆሞ ዕቃ የሚያቀብለውን ልጅ አያየውም። የእኛ ወርክሾፖች ውስጥ ደግሞ ረዳት የሌለው ኦፕሬተር ብርቅ ነው።

*ቋሚ መከለያ።* ከወንፊት ብረት እዚሁ ይበየዳል፣ ከሁሉ ርካሹ ነው፣ የመቆሚያ ጊዜም አይጠይቅም። ወሳኙ የቀዳዳው ስፋት ነው። በአይኤስኦ 13857 መሠረት ካሬ ቀዳዳው እስከ 20 ሚሊ ከሆነ መከለያው ከአደገኛው ነጥብ ቢያንስ 120 ሚሊ ይርቃል። እስከ 40 ሚሊ ከሆነ 200። ከዚያ አልፎ እስከ 120 ሚሊ ከሆነ ክንድ ስለሚያሳልፍ 850 ሚሊ። ይህ ልኬት ዕድሜያቸው ከ14 ዓመት በላይ ለሆኑ ነው። መከለያው በመፍቻ ብቻ የሚፈታ መሆን አለበት፤ በሽቦ የታሰረ መከለያ ፈረቃው ሳያልቅ ጥግ ላይ ተደግፎ ታገኙታላችሁ።

| አማራጭ | ጭማሪ (ሚሊ) | ርቀት በ0.2 ሰከንድ | ርቀት በ0.4 ሰከንድ | ወጪ | የሚመቸው |
|---|---|---|---|---|---|
| ባለ 14 ሚሊ | 0 | 400 | 640 | ከፍተኛ | ትንንሽ ዕቃ፣ እጅ ቶሎ ቶሎ የሚገባበት |
| ባለ 30 ሚሊ | 128 | 500 | 768 | መካከለኛ | አብዛኛው ፕሬስና መቁረጫ |
| ባለ 3 ጨረር | 850 | 1170 | 1490 | ዝቅ ያለ | አጥር ያለው መስመር፣ ሮቦት |
| አግድም፣ በ300 ከፍታ | 1080 | 1400 | 1720 | መካከለኛ | ሰፊ ቦታ፣ ቀጥ ብሎ ለሚቆመው ላይት ከርተን ድጋፍ |
| የሁለት እጅ ቁልፍ | 250 | 570 | 890 | ዝቅተኛ | ብቻውን የሚሠራ ኦፕሬተር |
| ቋሚ መከለያ፣ ቀዳዳው 20 ሚሊ | የለውም | 120 | 120 | በጣም ዝቅተኛ | እጅ መግባት የማያስፈልግበት፣ ሙሉ ዙር ክላች |

ሁሉም ርቀት በሚሊ ሜትር ነው። የሚለካው ከቅርቡ አደገኛ ነጥብ፣ ማለትም ፎርማው ከሚዘጋበት ጠርዝ ጀምሮ ነው እንጂ ከማሽኑ አካል አይደለም። ሰፋ ያለ ፎርማ ከተጫነ ነጥቡ ወደ ኦፕሬተሩ ይጠጋል፤ ላይት ከርተኑም በዚያው ልክ ከማሽኑ መራቅ አለበት።

ለማን የትኛው?

እጃችሁ ላይ ያለው ብር ትንሽ ከሆነና ፕሬሱ አሮጌ ከሆነ አብሽሩ፣ ርካሹ መንገድ ደካማው መንገድ አይደለም። ቋሚ መከለያ አስበይዱ፤ ዕቃው የሚገባበት ጠባብ ቀዳዳ ተውለት፤ ቀዳዳው ራሱ ከላይ ያለውን የ20 ሚሊና የ120 ሚሊ ልኬት ይጠብቅ። ይህ፣ በተሳሳተ ቦታ ከተተከለ ውድ ላይት ከርተን በብዙ ይሻላል።

መካከለኛ በጀት ያለው የላሜራ ቆራጭ ባለ 30 ሚሊ ይውሰድ፤ የተረፈውን ብር ፍሬኑ ላይ ያውለው። ላሜራ ማጠፊያ ያለው ግን ቶሎ አይወስን። ማጠፊያ ላይ ሰውየው ላሜራውን በእጁ ይዞ ፎርማው አጠገብ ይቆማልና 500 ሚሊ የራቀ ላይት ከርተን ለትንሽ ዕቃ አያሠራም። ለማጠፊያ ተብሎ የተሠራ፣ ከሚወርደው ክፍል ጋር አብሮ የሚጓዝ የሌዘር መከላከያ አለ። ማሽኑ ያንን የሚቀበል መሆኑን አስመርምሩ።

ትልቅ ፋብሪካ ከሆናችሁና ላይት ከርተኑ 600፣ 700 ሚሊ ርቆ ከተተከለ አዲስ ችግር ይመጣል፦ ሰው በመሀሉ ሊቆም ይችላል። አልፎ ከገባ በኋላ ጨረሩ ነጻ ስለሚሆን መሣሪያው «ማንም የለም» ይላል። አግድሙ ላይት ከርተን የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ካልሆነም ማስጀመሪያ ቁልፉ ከውስጥ ሆኖ እጅ የማይደርስበት፣ ግን የውስጡ ሁሉ የሚታይበት ቦታ ላይ ይሁን።

ይህ ሁሉ የበጎ ፈቃድ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው።

ርቀቱ ልክ ሆኖ እንኳ የሚያበላሹ ነገሮች

አዲስ የዚንክ ቆርቆሮ። የሚያብረቀርቅ ነገር ጨረሩን አጥፎ በእጅ ዙሪያ አሳልፎ ለተቀባዩ ይሰጠዋል፤ እጅ ውስጥ ሆኖ መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል። በሁለቱ ዘንጎች መካከል እስከ 3 ሜትር ካለ፣ ታይፕ 4 የሚባለው (ታይፕ የላይት ከርተኑ የአስተማማኝነት ደረጃ ነው) ከሚያብረቀርቅ ነገር 13 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ታይፕ 2 ደግሞ 26 ሳንቲ ሜትር ያህል መራቅ አለበት። ቆርቆሮ የሚያወጣ ሰው የተቆለለውን ጥቅል የት እንደሚያስቀምጥ ያስብበት። ለፕሬስ ደግሞ ታይፕ 4 ብቻ ግዙ።

ከላይ፣ ከታችና ከጎን የሚገባ እጅ ካለ ፊት ለፊት ያለው ርቀት ዋጋ የለውም። ጎኑን በላሜራ ዝጉ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ በራሱ መነሳት የለበትም። እኛ ጋር መብራት ስለሚቆራረጥ ይህን በተግባር ፈትሹ፤ ዋናውን ማብሪያ ዘግታችሁ ክፈቱና እዩ። ሽቦው ደግሞ በተራ ፒኤልሲ (የማሽን መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር) በኩል አይሂድ። የላይት ከርተኑ ሁለቱም መውጫዎች በሴፍቲ ሪሌይ አልፈው ሁለት ኮንታክተር (የሞተር ኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያ) ወይም ሁለት ቫልቭ ይቁረጡ፣ አንዱ ቢጣበቅ ሌላው እንዲያቆም።

አንዳንድ ላይት ከርተን ዕቃ እንዲያልፍ ጥቂት ጨረሮችን ማደንዘዝ ያስችላል። ይህን ከተጠቀማችሁ ባለ 14ው ባለ 14 መሆኑ ይቀራል፤ ጭማሪውም ርቀቱም እንደ አዲስ ይሰላል።

ገበያ ላይ የሊፍት በር ላይት ከርተን በቅናሽ ታገኛላችሁ፤ መልኩ አንድ ዓይነት ነው። ለፕሬስ አልተሠራም። አትግዙት።

ሻጩን የምትጠይቁት

የምላሽ ጊዜው ስንት ሚሊ ሰከንድ ነው? ታይፕ 4 መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት አለው? ላኪውና ተቀባዩ ጥንድ ናቸው ወይስ ከተለያየ ቦታ የተገናኙ? ያገለገለ ከሆነ ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ወሳኝ ነው። መፈተሻ ዘንጉስ አለ?

ዘንጉ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ውፍረቱ ግን ከላይት ከርተኑ ልኬት እኩል ነው፣ ለባለ 30ው 30 ሚሊ። በየፈረቃው መጀመሪያ ማሽኑ ሳይንቀሳቀስ ከላይ ወደ ታች ቀስ ብላችሁ ታወርዱታላችሁ፦ አንዴ ላኪው አጠገብ፣ አንዴ መሀል ላይ፣ አንዴ ተቀባዩ አጠገብ። ቀዩ መብራት ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይጠፋ መቆየት አለበት። ለአንድ አፍታ እንኳ አረንጓዴ ካሳየ የዚያን ቀን ማሽኑ አይነሳም።

የፍሬን ሸራ በተቀየረ፣ ቫልቭ በተተካ ወይም ከባድ ፎርማ በተጫነ ቁጥር የመቆሚያ ጊዜው እንደገና ይለካ። አዲሱን ቁጥርና ቀኑን በማይለቅ ቀለም ማሽኑ ላይ ጻፉት፤ ከሥሩ ላይት ከርተኑ መቆም ያለበትን ርቀት በሚሊ አስቀምጡ፣ የማታው ፈረቃ ቴክኒሻንም በሜትር ለክቶ እንዲያረጋግጠው።